ምዕራፍ አሥራ አንድ፦ የተቋረጠው ግንኙነት

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ።
1. የእጅ ስልክ ባትሪ መሙያው ተሰክቶ ሳለ አልሞላ ቢል መጀመሪያ መመርመር ያለበት ምንድን ነው? ለምን?
2. አንድ መሣሪያ አልሠራ ሲል ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መነካካት ምን ችግር ያስከትላል?

ለ. ምንባብ

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቀጥሎም ለጥያቄዎቹ መልስ ለመስጠት እንድትችሉ በጥሞና ደግማችሁ አንብቡት።

ሰው አልባ አውሮፕላን፣ በተለምዶ አጠራሩ ድሮን፣ በምሥራቅ አፍሪካና በአጎራባች አገሮች ለሰላማዊ ሥራ መዋል ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 ደም ወደ ሆስፒታሎች በዚህ መሣሪያ መጓጓዝ ጀመረ። በዚያው ዓመት በዛንዚባር የደሴቶቹን ካርታ ከአየር የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በማላዊም በ2017 ካሱንጉ በተባለው ስፍራ ለሙከራ በረራ የሚሆን የአየር ክልል ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ ግን ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። በቀያሹ፣ በግብርና ባለሙያውና በፎቶግራፍ አንሺው እጅ የሚገኘው አውሮፕላን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። አራት ፕሮፔለሮች አሉት፤ ታጥፎ በትንሽ ቦርሳ ይያዛል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በቻይና በሼንዘን ከተማ የሆነው ዲ ጄ አይ የተባለ ኩባንያ የሠራው ሚኒ 2፣ ለምሳሌ፣ ክብደቱ 249 ግራም ብቻ ነው።

በዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን አሠራር ሦስት መሣሪያዎች እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። አንደኛው አውሮፕላኑ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው በሁለት እጅ የሚያዘው የርቀት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሦስተኛው በመቆጣጠሪያው አናት ላይ የሚቀመጠው የእጅ ስልክ ነው። አውሮፕላኑና መቆጣጠሪያው የሚገናኙት 2.4 ወይም 5.8 ጊጋ ሄርዝ ድግግሞሽ ባለው የራዲዮ ሞገድ ነው። መቆጣጠሪያውና ስልኩ የሚገናኙት ግን በአንዲት አጭር ገመድ ነው። እንግዲህ ሁለቱ መስመሮች የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። አንደኛው ሲበጠስ ሌላው አብሮ አይበጠስም። ይህንን ያልተረዳ ሰው የመሣሪያውን ብልሽት ሊያርም ቀርቶ ብልሽቱ የት እንዳለ እንኳ ለማወቅ አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በሌሊት የሚጓዝ አንድ ጋሪ ነጂ እንውሰድ። ነጂው በአንድ እጁ ልጓሙን ጨብጧል፤ ከጋሪው ፊት ደግሞ ፋኖስ ሰቅሏል። ነፋስ ፋኖሱን ቢያጠፋበት መንገዱ ይጨልምበታል እንጂ ፈረሱ ከእጁ አልወጣም። መቆጣጠሪያው ልጓም፣ ስልኩም ፋኖስ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚነዱት በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉት ሁለት አጫጭር ዘንጎች ናቸው። የስልኩ ድርሻ ካሜራው የሚያየውን ማሳየት፣ ከፍታውንና የባትሪውን መጠን መንገር፣ የበረራውን ደንብ መቀየር ነው። እርግጥ ያለ መቆጣጠሪያ፣ በዋይፋይ አማካይነት በስልክ ብቻ ሊነዱ የሚችሉ አውሮፕላኖችም አሉ። በእነዚህ ላይ ስልኩ ፋኖስም ልጓምም ስለሚሆን ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ አይሠራባቸውም።

አሁን ወደ ሥራ ቦታ እንሂድ። በነሐሴ ወር የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በመካከለኛው አዋሽ ሜዳ የጥጥ ማሳ የሚጠብቀውን የአፈር መከታ ጣሰ እንበል። ውሃው በየት በኩል ሰብሮ እንደ ገባ ከምድር ሆኖ ለማየት አይቻልም፤ ጭቃውም እግር አያስገባም። የተሰበረው ቦታ ታውቆ ሳይመሽ በአሸዋ ከረጢት ካልተደፈነ ውሃው ወደሚቀጥለው ማሳ ያልፋል። አንድ ወጣት ቀያሽ የበረራ ፈቃዱንና መሣሪያውን ይዞ ከአንድ ጉብታ ላይ ወጣ። ገመዱን ስልኩ ላይ ሰካ፤ መተግበሪያውንም ከፈተ። በስክሪኑ ላይ ግን የወንዙ ምስል ሳይሆን «አልተገናኘም» የሚል ጽሑፍ ታየ።

ቀያሹ ተጣደፈ። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ ስልኩን አጥፍቶ አበራው፤ የስልኩን ደንቦች አንድ በአንድ ቀያየረ። በመጨረሻም መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ፈጽሞ ሰረዘና እንደገና ሊያወርደው ሞከረ። በዚያ ሜዳ ላይ ግን የኢንተርኔት መስመር አልነበረም። አስቀድሞ አንድ ብቻ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ፤ መተግበሪያ የሌለው ስልክ ይዞ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እርሱ ግን የሚለቅመው እንኳ አላገኘም። ወደ ከተማ ሲመለስ መሸ፤ በዚያ ሌሊትም ውሃው ሁለተኛውን ማሳ ያዘ።

ቀያሹ መጀመር የነበረበት ከስልኩ አልነበረም። አስቀድሞ ስልኩን ወደ ጎን ትቶ የራዲዮውን መስመር መፈተን ነበረበት። ይህም ቀላል ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንዳለ፣ ፕሮፔለሮቹ ሳይዞሩ፣ በመቆጣጠሪያው ትከሻ ላይ የምትገኘውን ትንሽ መዘውር በጣት ማዞር ነው። መዘውሯ ስትዞር የአውሮፕላኑ ካሜራ ቀና ወይም ዘንበል ካለ፣ መቆጣጠሪያውና አውሮፕላኑ ይሰማማሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብልሽቱ ከመቆጣጠሪያው ወዲህ፣ ማለትም በገመዱ ወይም በስልኩ ላይ ነው። ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ግን ገመድ መቀያየሩ ከንቱ ድካም ነው። የሁለቱን ባትሪ ማየትና መቆጣጠሪያውን ከአውሮፕላኑ ጋር በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተዋወቅ ያሻል። ግማሽ ደቂቃ በማይፈጅ በዚህ ሙከራ የመርማሪው ሥራ በግማሽ ይቀልላል።

ብልሽቱ ከመቆጣጠሪያው ወዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግል የተለመደ የዩ ኤስ ቢ ገመድ ቢያንስ አራት ሽቦዎች በውስጡ አሉት። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ሁለቱ መልእክት ያመላልሳሉ። በገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ገመዶች አንዳንዶቹ ግን ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ መልእክት የሚያመላልሱት ሽቦዎች የሏቸውም። ከውጭ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም። ሲሰኩም ስልኩ ይሞላል፤ የመብረቅ ቅርጽ ያለው ምልክትም ይታያል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ «ስልኩ እየሞላ ስለሆነ ገመዱ ደኅና ነው» ይላል። ይሁን እንጂ መሙላቱ የሚያረጋግጠው ሁለቱ ሽቦዎች መሥራታቸውን ብቻ ነው። የቀያሹም ገመድ እንዲህ ያለ ነበር። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የመጣው ገመድ ጠፍቶበት ከመንገድ ዳር ሱቅ በምትኩ የገዛው ነው።

ገመዱ ትክክለኛ ቢሆንም አሰካኩ ሊሳሳት ይችላል። አር ሲ ኤን 1 ከተባለው መቆጣጠሪያ ጋር የሚመጣው ገመድ በአንደኛው ጫፉ ላይ የመቆጣጠሪያ ምስል አለበት፤ ወደ ስልኩ የሚገባው ምስሉ የሌለበት ጫፍ ነው። የስልኩ ወፍራም ሽፋን መሰኪያው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ስለሚከለክል ሽፋኑን ማውለቅ ይበጃል። በአፋር ሜዳም ሆነ በኦጋዴን አቧራ የስልኩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ኪስ ውስጥ ያለ የጨርቅ ብናኝም እንዲሁ። ይህንን ስልኩን አጥፍቶ በደረቅና ቀጭን የእንጨት ስንጥር በዝግታ ማውጣት ይቻላል። መርፌ ወይም ሌላ ብረት ማስገባት ግን ቀዳዳውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል።

ከገመዱ ቀጥሎ ስልኩ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ገመዱ ሲሰካ፣ ስልኩ በዚህ መስመር ምን ሊሠራ እንደሚፈለግ ይጠይቃል። ፋይል ላስተላልፍ ወይስ ኤሌክትሪክ ብቻ ልቀበል ይላል። ምስል ከመቆጣጠሪያው ወደ ስልኩ እንዲመጣ የሚፈልግ ሰው «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ለአር ሲ ኤን 1 የተጻፈው የኩባንያው መመሪያ የሚያዝዘው ተቃራኒውን ነው፤ «መሙላት ብቻ» የሚለው ይመረጣል፤ አለበለዚያ ግንኙነቱ ሊከሽፍ ይችላል። ምክንያቱም «ፋይል ማስተላለፍ» ስልኩን እንደ ዕቃ ማስቀመጫ አድርጎ ለኮምፒዩተር የሚያቀርብ ደንብ ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በሌላ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አለማምታታት ያስፈልጋል። መሙላት ብቻ የሚችል ገመድ አይሠራም፤ «መሙላት ብቻ» የሚለው የስልክ ምርጫ ግን ትክክል ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። በአይፎን ላይ ደግሞ የተሰካውን መሣሪያ ታምነው እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል፤ ሳያነቡ ገፍቶ ማለፍ መስመሩን ይዘጋዋል።

ሌላው የተለመደ ምክንያት በአንድ ስልክ ላይ ሁለት መተግበሪያዎች መኖራቸው ነው። ይኸው ኩባንያ ለቀድሞ አውሮፕላኖቹ አንድ መተግበሪያ፣ ለኋለኞቹም ሌላ መተግበሪያ አውጥቷል። ሁለቱም በስልኩ ላይ ካሉ፣ ገመዱ ሲሰካ የማይፈለገው ቀድሞ ተነሥቶ መስመሩን ይይዝና ተፈላጊው እንዲጠብቅ ይሆናል። መፍትሔው የማይፈለገውን ፈጽሞ መዝጋት፣ ስልኩ «ይህ መሣሪያ ሲሰካ የትኛው ይከፈት?» ብሎ ሲጠይቅም ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ከዚህ በኋላ መተግበሪያውን ዘግቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን አብርቶ፣ ቀጥሎ ገመዱን ሰክቶ፣ በመጨረሻ መተግበሪያውን መክፈት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ ለብቻው መወሰድ አለበት። አንዱን ለውጦ ውጤቱን ማየት፣ ውጤት ከሌለውም ወደ ነበረበት መልሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። መተግበሪያን መሰረዝ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ያውም የኢንተርኔት መስመር ባለበት ከተማ ብቻ። መተግበሪያውን ማሳደስ፣ ወደ ሒሳብ መግባት፣ አዲስ አውሮፕላን መክፈት፣ ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ ለመስክ ከመውጣት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

በማግሥቱ ቀያሹ መተግበሪያውን ጭኖ፣ ገመዱንም ለውጦ ወደ ጉብታው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ምስሉ ወዲያው መጣ፤ አውሮፕላኑም ተነሣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አውሮፕላኑ ከጎርፉ በላይ ሳለ ግን የስልኩ ስክሪን መጀመሪያ ደበዘዘ፤ ቀጥሎም ጨርሶ ጠፋ። አጠገቡ የቆሙት ሽማግሌ የማሳ ጠባቂ፣

«ልጄ፣ ጠፋብህ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁት።

«የለም አባቴ፤ የጠፋው ምስሉ ነው እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ይኸው ይታያል» አለና ቀና ብሎ በጣቱ አሳያቸው።

የደረሰው የሙቀት ጉዳት ነው። አፕል የተባለው አምራች ስልኮቹ በ0 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ባለ የአየር ሙቀት እንዲሠሩባቸው ይመክራል፤ በአዋሽ ሸለቆ ግን ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ ከዚያ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈችበት፣ እየሞላም ምስል እየተቀበለም ያለ ስልክ ራሱን ለመጠበቅ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ካልበረደም ይዘጋል። ስልኩ ተዘጋ ማለት ግን መቆጣጠሪያው ተዘጋ ማለት አይደለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ደንግጦ መቆጣጠሪያውን ማጥፋት ነው። መቆጣጠሪያው ሲጠፋ አውሮፕላኑ በተሰጠው ደንብ መሠረት በራሱ ለመመለስ ይሞክር ይሆናል፤ ነጂው ግን ልጓሙን በገዛ እጁ ጥሏል። ቀያሹ ይህንን አላደረገም። በመጀመሪያ ሁለቱንም ዘንጎች ለቀቀ፤ አውሮፕላኑም ባለበት ቆመ። ዐይኑን ከስልኩ ላይ አንሥቶ በአውሮፕላኑ ላይ ተከለ። ከዚያም በመቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። አውሮፕላኑ አስቀድሞ ወደ ተወሰነለት ከፍታ ወጣና ወደ ተነሣበት ጉብታ መመለስ ጀመረ። ይህ ከፍታ ከበረራ በፊት በመተግበሪያው ላይ በአካባቢው ካሉት ዛፎችና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በላይ መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው። ሚኒ 2 ከፊቱ ያለውን እንቅፋት የሚያይበት መሣሪያ የለውም።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሽማግሌው፣ «ታዲያ ሥዕሉ አብሮ ጠፋ?» አሉ። ቀያሹ ከአውሮፕላኑ ጎን ጥፍር የምታህል ካርድ አወጣና አሳያቸው። ካሜራው የሚያነሣው ፎቶግራፍ በዋናነት የሚቀመጠው በስልኩ ላይ ሳይሆን በዚህች ካርድ ላይ ነው። ስልኩ በሽማግሌው ጃንጥላ ጥላ ሥር እስኪበርድ ድረስ ካርዱን በመኪናው ውስጥ በነበረ ኮምፒዩተር አስገብቶ ተመለከተው። ስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት ከተነሡት ፎቶግራፎች በሦስተኛው ላይ፣ ከአንዲት ግራር አጠገብ፣ መከታው የተሰበረበት ቦታ በግልጽ ይታይ ነበር።

ሐ. የቃላት ፍቺ

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አኳኋን ምን ማለት እንደሆኑ ግለጹ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
ልጓም፣ መከታ፣ ጣሰ፣ ስንጥር፣ መዘውር፣ ብናኝ፣ ሊከሽፍ፣ ጉብታ

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. በምንባቡ ውስጥ ሦስቱ መሣሪያዎች በስንት መስመር ተገናኝተዋል? እያንዳንዱ መስመር በምን ይሠራል?
2. ስልኩ መሙላቱ ገመዱ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. «ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው» የተባለው ስለ ምን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. ቀያሹ በመጀመሪያው ቀን የሠራው ከሁሉ የከፋ ስሕተት የትኛው ነው ትላላችሁ? በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።
5. ሽማግሌው ጠባቂ የጠየቁት ሁለተኛ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ከምንባቡ የሚጎድለው ዕውቀት ምንድን ነው?
6. የጋሪ ነጂው ምሳሌ በስልክ ብቻ ለሚነዳ አውሮፕላን የማይስማማው ለምንድን ነው?

ሠ. ሰዋስው

በአማርኛ አንድ ነገር ሊሆን የሚችል ሲሆን «ገመዱ ቢላላ ምስሉ ይቋረጣል» ወይም «ገመዱ ከላላ ምስሉ ይቋረጣል» እንላለን። ነገሩ ካለፈና ሌላ ሊሆን ይችል ከነበረ ግን «ገመዱ ባይላላ ኖሮ ምስሉ ባልተቋረጠ ነበር» እንላለን። የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች በዚሁ በመጨረሻው አኳኋን ለውጡ።
1. ቀያሹ መተግበሪያውን ስለ ሰረዘ በዚያን ቀን ሳያበር ቀረ።
2. ስልኩ ፀሐይ ላይ ስለ ዋለ ተዘጋ።
3. ቀያሹ መቆጣጠሪያውን ስላላጠፋ አውሮፕላኑን መለሰ።
4. መከታው ሳይደፈን ስላደረ ውሃው ሁለተኛውን ማሳ ያዘ።

ረ. የጽሑፍ መልመጃ

በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አልሠራ ያለ አንድ መሣሪያ ምረጡ፤ ራዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእጅ ባትሪ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ብልሽቱ የት እንዳለ ለማወቅ የምትሄዱበትን ቅደም ተከተል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የምትለውጡትን አንድ ነገርና ከውጤቱ የምትረዱትን እየገለጻችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ጽሑፋችሁን መሣሪያውን ለማያውቅ ጓደኛ አንብቡለትና ያልገባውን ቦታ አርሙ።